ከመስመር የወደቀችው

ሰዓት ሠሪው ወደ ማተሚያ ቤቱ የመጣው ረፋድ ላይ ነው፤ ነርስ የሆነችው ልጁ ክንዱን ይዛ፣ እሱ ደግሞ አንድ የብስኩት ቆርቆሮ በሁለት እጁ ደረቱ ላይ አቅፎ። ልጁ ክዳኑን ስትከፍተው ግን ውስጡ ብስኩት አልነበረም። ሁለት ፍሎፒ ዲስኮች ነበሩ፤ በላስቲክ ተጠቅልለው፣ አንደኛው ላይ «የሰዓት መጽሐፍ ፩»፣ ሌላኛው ላይ «የሰዓት መጽሐፍ ፪» ተብሎ በእስክሪብቶ ተጽፎባቸው። የማተሚያ ቤቱ ጸሐፊ ጽሕፈቱን ገና ከጠረጴዛዋ ሳትነሳ ለየችው። የራሷ እጅ ጽሕፈት ነው።

«አለሽ አንቺ?» አለ ሰዓት ሠሪው፣ የኪቦርድ ድምፅ ወደሰማበት ፊቱን አዙሮ። ዓይኑ ከደከመ ቆይቷል፤ አሁን የሚለየው ብርሃንና ጥላ ብቻ ነው።

«አለሁ ጋሼ። ይግቡ።»

«አሁንም የኋሊት ነው የምትሄጂው?»

ሳቀች። ስሙን ያነሳባት ሰው ከጠፋ ብዙ ዓመት ሆኖታል። ድሮ በዚህ ቤት የሚያውቃት ሁሉ «የኋሊት» ነበር የሚላት፤ ይሄ ደግሞ ከሥራዋ የመጣ ስም ነው።

መቼም የእኛ ፊደል ገር ነው፤ እያንዳንዱ ለብቻው ይቆማል፣ ከግራ ወደ ቀኝ ተሰልፎ ይሄዳል፣ ጎረቤቱ ማንም ይሁን ማን መልኩን አይለውጥም። የዓረብኛ ፊደል እንዲህ አይደለም። ከቀኝ ተነስቶ ወደ ግራ ይጓዛል፤ ሲጓዝም እጅ ለእጅ ተያይዞ ነው። አንዱ ፊደል ቃል ሲጀምር አንድ መልክ አለው፣ መሐል ሲገባ ሌላ፣ መጨረሻ ላይ ሲቆም ሌላ፣ ብቻውን ሲቀርም ሌላ። ያኔ ማተሚያ ቤቱ የገባው ኮምፒውተር ከዚህ ሁሉ አንዱንም አያውቅም። ጥቁር ስክሪን ላይ አረንጓዴ ፊደል የሚያበራ፣ ከግራ ወደ ቀኝ እንጂ ሌላ መንገድ ያለ የማይመስለው ግትር ዕቃ ነበር።

ኮምፒውተር ጠጋኙ፣ ሁሉም «ሐኪሙ» የሚሉት፣ ማሽን ከመክፈቱ በፊት ጆሮውን ለጥፎ ስለሚያዳምጥ ነው ስሙ፤ እሱ ነበር መላ ያበጀለት። የእያንዳንዱን ፊደል አራት መልክ በነጠብጣብ በነጠብጣብ ሣለና፣ ማንም በማይጠቀምባቸው የኪቦርድ ምልክቶች ቦታ አስቀመጣቸው። የትኛው ቁልፍ የትኛውን መልክ እንደሚሰጥ የሚያሳይ ወረቀትም ስክሪኑ ጎን ለጠፈ። ማሽኑን አዙሮ ከቀኝ እንዲጀምር ማድረግ ግን አልቻለም። «መልኩን ሰጥቼዋለሁ፤ አቅጣጫውን አንቺ ስጪው» አላት። እሷም ሰጠችው። መስመሩን ከጭራው ይዛ እስከ ራሱ ትጽፈዋለች። ባልደረቦቿ ሲያዩዋት እየሳቁ፣ ቤትሽም ከምሳ በፊት ነው ወይ እራት የምትበዪው ይሏት ነበር።

ሰዓት ሠሪው ተቀመጠና የመጣበትን ጉዳይ ሳያንዛዛ ተናገረ። ሃምሳ ዓመት ሙሉ ሰዓት ሲፈታና ሲገጥም ያወቀውን ሁሉ በዓረብኛ በአራት ደብተር ጽፎ ነበር። ከአሥራ ስምንት ዓመት በፊት ጸሐፊዋ በዚያ ማሽን ጽፋ ጨርሳለት፣ ልክ ሊታተም ሲል ባለቤቱ ታመመች። ሕመሙ ረዘመ፤ መጽሐፉም ዲስኩ ውስጥ ቀረ። ባለቤቱ ባለፈው ዓመት አረፈች። ደብተሮቹና ለእርማት የወጣው ወረቀት ዕቃ ቤት ተቀምጠው ሳለ የውሃ ቧንቧ ፈነዳና ሁሉም ሊጥ ሆነው ተገኙ። የተረፉት እነዚህ ሁለት ዲስኮች ናቸው።

«መጽሐፉ እንኳ ለኔ አይደለም» አለ። «ሰዓቱን በጣቴ አውቀዋለሁ። እዛ ውስጥ ያለችው እሷ ናት። በየምዕራፉ አስገብቻታለሁ። አልነገርኳትም፤ ታትሞ እጇ ሲገባ ድንገት ራሷን እንድታገኝ ነበር ሐሳቤ። እሱስ አልሆነም። አሁን ልጄ ታነብልኛለች፣ እኔም ቁጭ ብዬ እሰማታለሁ።»

ጸሐፊዋ ቆርቆሮውን ተቀበለችው። ሴትዮዋ ከሞላ ጎደል እዛ ውስጥ እንደሌለች በዓለም ላይ የምታውቀው አንድ እሷ ብቻ ናት።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ መስመር ስልሳ ፊደል ይይዛል። ጸሐፊዋ መጀመሪያ በእርሳስ ትቆጥራለች፤ ስልሳው የሚሞላበት ቦታ ላይ ደብተሩን ጫር ታደርጋለች። ከዚያ ከመስመሩ የመጨረሻ ፊደል ጀምራ፣ ከስክሪኑ ግራ ጠርዝ ተነስታ፣ ለያንዳንዱ ፊደል የሚገባውን መልክ እየመረጠች ወደ ቀኝ ትመጣለች። የመስመሩ መጀመሪያ የሚጻፈው በመጨረሻ ነው። ቆጠራው ልክ ከሆነ የመጀመሪያው ቃል ቀኝ ጠርዝ ላይ ልክክ ይላል። ካነሰ ቦታ ይተርፋል፤ ለዚያ መላ ነበረው፤ በፊደሎቹ መካከል አጫጭር መዘርጊያ ሰረዝ ጣል ጣል ሲደረግ ፊደሎቹ እጃቸውን ዘርጋ አድርገው ክፍቱን ይሞሉታል። ከበዛ ግን ጣጣ ነው። የመስመሩ የመጀመሪያ ቃላት ቦታ ያጡና ከጠርዙ ውጭ ይወድቃሉ። እነሱን ለማስገባት መስመሩ መጥፋት አለበት፤ አንዱ ሲነካ የሚቀጥለው ይናጋል፣ እሱ ሲናጋ ሌላው፤ አንቀጹ በሙሉ እንደገና ከጭራው ሊጻፍ ነው።

ሰዓት ሠሪው ደግሞ ምክር ሲጀምር የሚወዳት አነጋገር ነበረችው። «የልጄ እናት እንደምትለው» ይላል። የልጄ እናት እንደምትለው፣ ሰዓት የሚፈታው ነጭ ጨርቅ ላይ ነው። የልጄ እናት እንደምትለው፣ ምሳ ከበሉ በኋላ ትንንሽ ብሎን አይነካም። አንቀጹ በእነዚያ ሦስት ቃላት ስለሚጀምር፣ ከኋላ የምትመጣው ጸሐፊ መጨረሻ የምትደርሰው እነሱ ላይ ነው። ቦታ ሲጠፋም ውጭ የሚቀሩት እነሱ ናቸው።

መጀመሪያ ጊዜ አንቀጹን አጥፍታ እንደገና ጻፈችው። ሁለተኛውንም። ሦስተኛው ላይ የሥራ መውጫ ሰዓት ደርሶ ነበር፣ ቤት ትኩሳት የያዘው ሕፃን እየጠበቃት ነበር። ሦስቱን ቃላት ተወቻቸው። ምን ጎደለ? ጨርቁ ያው ነጭ ነው፣ ብሎኑም ያው ብሎን። ለሦስቱ የማይበቃውን የተረፈ ቦታ በመዘርጊያ ሞላችው፤ ፊደሎቹም ከወትሮው በላይ እጃቸውን ዘርግተው ባዶውን ደፈኑት። ከዚያ በኋላ እጇ ለመደ።

የማተሚያ ቤቱ እርማት ደግሞ በሁለት ሰው ነበር የሚሠራው። አንዱ ከደብተሩ ጮክ ብሎ ያነባል፣ ሌላው የታተመውን በእርሳስ እየተከተለ «ልክ» ይላል። ሰዓት ሠሪው ማንበቡን ለማንም አይለቅም፤ የታተመውንም አላይም፣ ቀኑን ሙሉ የሰዓት ጥርስ ስቆጥር የዋለ ዓይኔ ከራሴ ጽሕፈት ሌላ አይቀበልም ይል ነበር። «የልጄ እናት እንደምትለው» የሚለው ጋ ሲደርስ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፤ ባለቤቱ በሩ አጠገብ አግዳሚው ላይ ተቀምጣ ሹራብ ስትሠራ እንዳትሰማው። ጸሐፊዋም ሦስቱ ቃላት የሌሉበትን ወረቀት እያየች «ልክ» ትላለች።

የድሮው ኮምፒውተር መጋዘን ውስጥ ጨርቅ ለብሶ ነበር። ሐኪሙ ተጠራ። ያ ፊደል የሣለው ጎረምሳ አሁን ራሱ ላይ ፀጉር የለውም፤ ጆሮው ግን ያው ነው። ማሽኑን አብርቶ ጎኑ ላይ ተለጠፈና ቆየ።

«ይተነፍሳል» አለ። «ግን ሽማግሌ ነው፤ አታስሩጡት።»

ዲስኮቹ ተከፈቱ፣ አረንጓዴዎቹ ፊደሎችም እንደ ጥንቱ ተደርድረው ወጡ። ጽሑፉን በገመድ ወደ አዲሱ ኮምፒውተር ሲያሻግሩት ግን የታየው ሌላ ነው፤ ጥያቄ ምልክት፣ መስቀለኛ፣ የተሰባበረ መስመር፣ የማንም ያልሆነ ቋንቋ። ሐኪሙ አልደነገጠም። አዲሱ ማሽን ዓረብኛ ያውቃል፣ የኔን አቀማመጥ ነው የማያውቀው ብሎ፣ ያንን የድሮ የቁልፍ ወረቀት ከሣጥኑ አውጥቶ ሰንጠረዥ መሥራት ጀመረ፤ ይሄ ምልክት ያ ፊደል ነው እያለ። አራቱንም መልክ ወደ አንድ ፊደል መለሳቸው፤ መልክ መለወጡን አዲሱ ማሽን ራሱ ያደርገዋልና። ከዚያ የኋሊት የተጻፈውን ማዞር ነበረበት። መጀመሪያ መስመር በመስመር በማዞር ፈንታ መጽሐፉን በሙሉ አንድ ላይ አዞረውና የመጨረሻው ገጽ መጀመሪያ መጣ። ሰዓት ሠሪው ሲነገረው፣ እንግዲያው የተጠገነ ሰዓት ገብቶ የተሰበረ ይወጣል ማለት ነዋ፣ አንዳንድ ባልደረቦቼ እንደዛ ነበር የሚሠሩት ብሎ አሳቃቸው። በአራተኛው ቀን መስመሩ ቀና አለ።

በአምስተኛው ቀን ነርሷ ከሥራ ወጥታ መጣችና አዲሱ ስክሪን ፊት ተቀምጣ ለአባቷ ማንበብ ጀመረች። እሱ ራሱን ወደ አንድ ጎን ዘንበል አድርጎ፣ የሰዓት ምት እንደሚያዳምጥ ሰው ሆኖ ይሰማል። ጸሐፊዋ ጀርባቸውን እያየች ወረቀት ታስተካክላለች፤ የተስተካከለውን መልሳ ታስተካክላለች።

በምዕራፍ አንድ ውስጥ አንዴ «የልጄ እናት እንደምትለው» ተነበበ። ነርሷ ድምፅዋ ተሰበረ። አባቷ ጉልበቷን ነካ አደረጋት። «አየሽ፣ አለች አላልኩሽም?»

ምዕራፍ ሁለት ተነበበ። አልነበረችም። ምዕራፍ ሦስት ላይ አንድ ጊዜ። አራት ላይ ምንም።

«ሁለት ላይ አምስት ስድስቴ ያስገባኋት ይመስለኝ ነበር» አለ ሰዓት ሠሪው።

«ምናልባት ወደ ኋላ ይሆናል አባዬ።»

«እንጃ። ሳላስገባት ቀርቼ ይሆናል። በልቤ ስላለች የጻፍኳት መስሎኝ። የማስታወስ ነገሬም እንደ ዓይኔ ሆኗል።» ከዚያ ለራሱ በሚመስል ድምፅ፣ «አይ እኔ» አለ።

ጸሐፊዋ ወረቀቱን አስቀመጠችው። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ጥፋቷ ሦስት ቃል ነበር። አሁን ግን አንድ ሽማግሌ የእሷን ጥፋት አንስቶ የራሱ ጫንቃ ላይ ሲጭነው እያየች ነው። ልትናገር አፏን ከፈተች፤ ነርሷ ቦርሳዋን አነሳች፣ ወንበሮቹ ተንቀሳቀሱ፣ አባትና ልጅ ደህና አምሹ ብለው ወጡ። ሐኪሙ ጃኬቱን እየለበሰ፣ የቀረው ጥቂት ነው አላት፤ እነዚያ መዘርጊያ ሰረዞች በየመስመሩ ተሰግስገዋል፣ በአዲሱ ማሽን ምንም ጥቅም የላቸውም፣ ነገ ጠዋት አንዴ በትዕዛዝ ጠርጌ እጨርሳለሁ።

ቤቷ ሄዳ የምትሠራውን ሠራች፤ ምን እንደሠራች ግን አላወቀችም። ልጇ፣ ያ ያኔ ትኩሳት የያዘው፣ አሁን ዩኒቨርሲቲ ገብቷል፤ ስልክ ደውሎ ድምፅሽ ምን ሆነ አላት። ጉንፋን ነው አለችው። ጠዋት ከሁሉም ቀድማ ማተሚያ ቤቱ በር ላይ ቆማ ሐኪሙን ጠበቀችው።

«አትጥረጋቸው» አለችው፣ ገና ሰላም ሳይላት።

«ምኖቹን?»

«መዘርጊያዎቹን።»

«አቧራ እኮ ናቸው እህቴ።»

«አቧራ አይደሉም። ሴትዮዋ የነበረችበት ቦታ ናቸው።»

ቁጭ ብላ ሁሉንም ነገረችው። መስመሩ እንዴት እንደሚሞላ ለእሱ ማስረዳት አላስፈለጋትም፤ ስልሳውን የወሰነው እሱ ነው። አንድ ሁለት መዘርጊያ ያለው መስመር የተለመደ ነው፤ አንቀጽ መጀመሪያ ላይ ከአሥር በላይ የተሰገሰገበት ግን እጇ ሦስት ቃል የጣለበት ነው። እነዚያ ከተጠረጉ የቦታው ምልክት ለዘላለም ይጠፋል።

ሐኪሙ እጁን ከኪቦርዱ ላይ አነሳ። ያሰበውንም በደግነት ነገራት። ሰውየው አያይም። ደብተሩ ሊጥ ሆኗል። ዘንግቼ ይሆናል ብሎ ራሱ ወደ መርሳቱ ነው። ይሄን ነግረሽው ምን ትጨምሪለታለሽ፣ በዚህ ዕድሜው ልቡን ማቁሰል ነው እንጂ። እኔ እንደሆነ አልሰማሁም፤ አንድ ቁልፍ ነው የምጫነው።

«ተጭነኸው ብትሄድ አንተ ትገላገላለህ» አለች። «እሱ ግን ሚስቴን ረሳኋት ብሎ ነው የሚሞተው።»

ሐኪሙ ከዚያ በኋላ አልተከራከረም። ሽማግሌውን ማሽን አበራላትና ጎን ለጎን ተቀምጠው ገጽ በገጽ ቆጠሩ። ሠላሳ አራት ቦታ አገኙ።

ከምሳ በኋላ ወደ ሰዓት ሠሪው ቤት ሄደች። ነርሷ ሥራ ላይ ነበረች፤ እሱ ራሱ ግድግዳ እየዳሰሰ መጥቶ በሩን ከፈተላት። መስኮቱ ሥር የሥራ ጠረጴዛው እንዳለ ነው፤ አንድ የተፈታ የጠረጴዛ ሰዓት ነጭ ጨርቅ ላይ ተበትኖ፣ ጥርሶቹ በየመጠናቸው ተደርድረው። ማየት ቢያቅተውም እየፈታ ይገጥማል፤ ለሰው ሳይሆን ለእጁ ብሎ። ወንበር አሳያትና መዳሰሱን ቀጠለ። እሷ አልተቀመጠችም።

«ጋሼ፣ የምነግርዎት ነገር አለኝ። እርስዎ አልረሷትም። አስገብተዋታል። የጣልኳት እኔ ነኝ።»

እጁ ቆመ። እሷ ሳታቋርጥ ተናገረች፤ ስለ ስልሳው፣ ስለ ጠርዙ፣ ስለ ሦስተኛው አንቀጽ፣ ቀጥሎም ስለለመደው እጇ። ትኩሳት ስለነበረበት ሕፃን ልትናገር አሰበችና ተወችው፤ ሰበብ ይመስላል።

«ስንት ጊዜ ነው?» አለ ስትጨርስ።

«ሠላሳ አራት።»

«ሠላሳ አራት ጊዜ ሳነብ ልክ ልክ አልሽኝ።»

«አዎ ጋሼ።»

«እሷ እዛው በሩ ጋ ተቀምጣ።»

«አዎ።»

ከጨርቁ ላይ አንድ ጥርስ አነሳ፣ በአውራ ጣቱ ዙሪያውን ዳሰሰው፣ መልሶ ከነበረበት ትንሽ ራቅ አድርጎ አስቀመጠው። ጥርስ ከቦታው አስቶ ሲያስቀምጥ ያየችው ያን ቀን ብቻ ነው።

«አሁን ሂጂ የኔ ልጅ» አለ።

የኔ ልጅ ያላት ከልማዱ ይሁን ከልቡ ልትለየው አልቻለችም። መንገዱን ሙሉ ያንኑ እያሰበች ሄደች።

በማግስቱ አልመጡም። በሚቀጥለውም። ሐኪሙ አንድም ቁልፍ ሳይነካ ሥራውን እንዳቆመ ነው፤ አልፎ አልፎ ሽማግሌውን ማሽን አብርቶ ያዳምጠዋል፣ ዛሬም አለ እያለ ይነግራታል። እሷ የሠርግ ጥሪ ወረቀት ስትጽፍ ዋለች፤ የሙሽራውን ስም ሁለቴ ተሳሳተች።

በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ በሩ ተከፈተ። ሰዓት ሠሪው ብብቱ ሥር ትራስ ሸጉጧል። ነርሷ ጸሐፊዋን ሰላም አላለቻትም፤ አባቷን አስቀምጣ ክንዷን አጣጥፋ ግድግዳውን ተደገፈች።

«የዚህ ቤት ወንበር ድሮም ጠላቴ ነው» አለ ትራሱን እያስተካከለ። «ሁለት ቀን ተቆጥቼ ነበር። ቁጣው ገና አላለቀም። ግን እኔም የምቆይ አይመስለኝም፣ ይሄ ማሽንም የሚቆይ አይመስለኝም፤ ስለዚህ እየተቆጣሁ እንሥራ። አምጪ፣ የመጀመሪያውን አንብቢልኝ።»

ሥራው እንዲህ ነበር። ጸሐፊዋ ከአረንጓዴው ስክሪን ላይ ፊደሎቹ እጃቸውን የዘረጉበትን አንቀጽ ታነባለች፤ ሰዓት ሠሪው ይሰማል፤ የሚስቱ ቃል እዚያ ነበረ ወይስ አልነበረም እሱ ይፈርዳል። ብዙውን ጊዜ ሳይዘገይ «አለች» ይላል። አንዳንዴ ከቃሉ ጋር ቀኑም ይመጣለታል፤ ነጩን ጨርቅ ያመጣችው የትራስ ልብስ ቀድዳ ነው፣ ምሳ ከበሉ በኋላ ብሎን አይነካም ያለችው እሱ አንድ ቀን ጠረጴዛው ላይ እንቅልፍ ወስዶት ብሎን ከንፈሩ ላይ ተጣብቆ ስላገኘችው ነው። ነርሷ ይሄን ሰምታ አታውቅም። ከግድግዳው ተላቃ መጣችና ወንበር ሳበች። ትንሽ ቆይታም ጸሐፊዋን ሳታይ፣ ትንሽ ወዲያ በዪ፣ ለኔም ይታየኝ አለቻት።

አንድ ቦታ ላይ ሰዓት ሠሪው ራሱን ነቀነቀ። «እዚህ የለችም።»

«መዘርጊያው አሥራ አራት ነው ጋሼ። የጣልኩት አለ።»

«ሌላ ነገር ጥለሽ ይሆናል። ይሄን ነገር ስሠራ ለሳምንት አኩርፋኝ ነበር፤ አንድ ቃል አልተናገረችም። ማንን ጠቅሼ ልጻፍ?»

ሐኪሙ ከጀርባ ሳቁን ሊይዝ ሞክሮ አልቻለም። ነርሷም ሳቀች፣ በመጨረሻም ጸሐፊዋ፤ ያ ቦታ ተዘለለ። ሌላ ቦታ ደግሞ መዘርጊያ እንኳ የሌለበት ላይ «አለች» ብሎ ድርቅ አለ። ጸሐፊዋ መስመሩ ሙሉ እንደሆነ፣ ምንም እንዳልጣለችበት ታያለች። ልትናገር ብላ ነርሷን አየቻት፤ ነርሷ ዓይኗን ጨፈን አድርጋ ተዪው አለቻት። «አለች» ብላ ጸሐፊዋ መዘገበችው።

ከሰዓት በኋላ የመጀመሪያዎቹን ወደ አዲሱ ማሽን ለማስገባት ተሻገሩ። ሰዓት ሠሪው ወንበሩን ስቦ ከኪቦርዱ አጠገብ ሆነ፤ ድምፁን መስማት እፈልጋለሁ ብሎ። ጸሐፊዋ የምዕራፍ ሁለትን የመጀመሪያ አንቀጽ አወጣች፣ ጠቋሚውን ከመስመሩ ራስ፣ ከቀኝ ጠርዝ ላይ አስቀመጠች፣ ከዚያ እጇን በአየር ላይ ይዛ ቆየች። የአንቀጹ ርዝመት ስድስት መስመር ነው። ልማዷ ሳታዘው መቁጠር ጀምሮ ነበር።

«ምን ትጠብቂያለሽ?» አለ።

«ምንም።»

ጻፈች። የመጀመሪያው ፊደል ብቻውን ቆመ፤ ሁለተኛው ሲመጣ መልኩን ለውጦ እጁን ሰጠው፤ ሦስተኛው ተከተለ። «የልጄ እናት እንደምትለው።» እያንዳንዱ ቃል በገባ ቁጥር የነበረው መስመር ወደ ግራ ይሸሻል፣ ከጫፉ የተረፈው ቃል ወደ ታች ይወርዳል፣ የታችኛውም ለእሱ ቦታ ይለቅና የራሱን ይዞ ይወርዳል፤ እስከ አንቀጹ መጨረሻ ድረስ ሁሉም በየተራው እልፍ እልፍ አለ። አንድም ፊደል አልጠፋም። አዲሱ ማሽን ከገባ ጀምሮ በየቀኑ ትሠራበታለች፣ ይሄን ሺህ ጊዜ አይታዋለች። እንዲህ ቁጭ ብላ ግን አይታው አታውቅም።

«ገባች?» አለ ሰዓት ሠሪው።

«ገባች ጋሼ።»

«ለእሷ ብለሽ ምን ቆረጥሽ?»

«ምንም አልቆረጥኩም። ሌሎቹ ጠጋ ጠጋ አሉላት።»

በሰዓት ሠሪው ፊት ላይ የነበረው ቁጣ ሄዷል ለማለት አይቻልም፤ ግን ቦታ የለቀቀ ይመስል ነበር። ትራሱን ከጀርባው አስተካከለና ወደ ኋላ ተደገፈ።

«በይ ቀጥይ» አለ። «የሚቀጥለው ላይ ያለችው ነገር እንኳ ስህተት ነው፤ ሰዓቱን አበላሽቶብኛል። እሱንም ሳትቀንሺ ጻፊው።»